የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የአገራችን የውኃ ፈርን በቤት ገንዳ

በያዝነው የትምህርት ዘመን የክበባችን አባላት አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሰጡት በጣም አዝግሞ ለሚያድግ አንድ ተክል ነው። ቦልቢቲስ ሄውዴሎቲ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቀው ይህ የውኃ ፈርን ከኢትዮጵያ እስከ ሴኔጋል በሚዘልቀው የአፍሪካ ክፍል፣ ጥላ ባለባቸው ጅረቶች ውስጥና ዳር፣ ድንጋይና የወደቀ ግንድ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል። እንደ ማንኛውም ፈርን አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው በስፖር (ብናኝ በመሰሉ ደቃቅ የመራቢያ ሕዋሶች) እና ራይዞም በሚባለው አግድም በሚሳብ ግንዱ ነው።

ሐሳቡ የተወለደው ቦዬ ረግረግን በጎበኘንበት ወቅት ነበር። በጅማ ዙሪያ ያሉት ረግረጎች በባሕር ዛፍ ተከላ፣ በጡብ ሥራ፣ በእርሻና በልቅ ግጦሽ እንዴት እየተጎዱ እንደሆነ ያዩት ተማሪዎች፣ የአገራቸውን የውኃ ተክል በቅርብ ለማወቅ ጠየቁ። ስለዚህ በአንድ ጅረት ዳር ከተንሰራፋ ተክል ጥቂት የራይዞም ቁራጮችን ብቻ ወስደን፣ ፈቃደኛ በሆኑ ወላጆች ቤት ለተዘጋጁ የመስታወት ገንዳዎች አከፋፈልን።

አተካከሉ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ራይዞሙ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ስለሚበሰብስ፣ ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ቁራጭ በክር ከድንጋይ ጋር አሰሩት፤ ሥሮቹ ድንጋዩን ሲይዙም ክሩን ፈቱት። የቧንቧው ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ቀድሞ በክፍት ባልዲ እንዲያድር ተደርጓል። የጅማ አየር ለዘብ ያለ በመሆኑ ውኃውን የሚያሞቅ መሣሪያ አላስፈለገንም።

ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸው የተክሉ አለማደግ ነበር፤ እኔም የዓመቱ እውነተኛ ትምህርት የተገኘው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ተክሉ ምግቡን ለመሥራት የሚያስፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት በመሆኑ፣ ውኃው ከቆመ ቅጠሉ በዙሪያው ያለውን ጨርሶ ሌላ እስኪደርሰው ይጠብቃል። በጅረት ውስጥ ይህን ችግር የሚያቃልልለት ወራጁ ውኃ ነው፤ በገንዳ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ፓምፕ ያንኑ ሥራ ይሠራል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ፓምፑ ስለሚቆም፣ አንዳንድ አባላት ውኃውን በእጃቸው ያማስሉ እንደነበር ወላጆቻቸው በደስታ ነግረውናል።

ዕድገቱን ለማፋጠን ሲባል በአንድ ቤት ገንዳው ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት ሥር ተቀምጦ ነበር። ፈርኑ ግን ጥላ የለመደ ነውና የተትረፈረፈውን ብርሃን የተጠቀመበት አልጌ ሆነ፤ ቅጠሎቹንም ሙሉ በሙሉ ሸፈናቸው። የክበቡ አባላት ተመካክረው ገንዳውን ወደ ጥላ አዛወሩት፣ የተበከሉትን ቅጠሎችም ቆርጠው አስወገዱ። ከዚያ በኋላ ከራይዞሙ ጫፍ የወጡት ቅጠሎች ንጹሕና ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ተዘርግተዋል።

በመጪው ዓመት በደንብ የተንሰራፉት ራይዞሞች ተከፋፍለው ለአዲስ አባላት ይሰጣሉ። የእያንዳንዱ ቅጠል ርዝመት የተመዘገበበት የክበቡ ደብተርም በቤተ መጻሕፍቱ ስለሚገኝ፣ ማንኛውም ተማሪ ሊያነበው ይችላል።