የአደን ፐዝሎች ከነሳጥናቸው ይጠበቁ

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

አሮጌ የታተሙ ወረቀቶችንና የአደን ትዕይንት ያለባቸውን የእንጨት ፐዝሎች (ተቆራርጠው እንደገና የሚገጣጠሙ ሥዕሎችን) ለብዙ ዓመታት ስሰበስብ የኖርኩ አንባቢዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሻጮችም ሰብሳቢዎችም በቅን ልቦና የሚፈጽሙት አንድ ጥፋት ነው። ፐዝሉን ገጣጥመው ጀርባውን በሙጫ ያጣብቁታል፤ ፊቱን ቫርኒሽ ቀብተው በፍሬም ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፤ ያረጀውን ሳጥን ግን ይጥሉታል። ሥዕሉን ያዳኑ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ዕቃው ስለ ራሱ ሊመሰክር የሚችለው አብዛኛው ነገር የጠፋው በዚያችው ሰዓት ነው።

የባቡር ቲኬት፣ የቴአትር ፕሮግራም፣ የነጋዴ ማስታወቂያ ካርድ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ ሁሉም ለአጭር ጊዜ አገልግለው እንዲጣሉ የታተሙ ናቸው። የመስኩ ሰዎች የሚጠቀሙበት «ኤፌሜራ» የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ማለት ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ኃላፊ የነበረው ጆን ጆንሰን ሌሎች የናቁትን ይህን ወረቀት በትጋት ባይሰበስብ ኖሮ፣ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ታላቅ ስብስብ ዛሬ አይኖርም ነበር። በፐዝል ሳጥን ክዳን ላይ የተለጠፈው ወረቀትም ከዚሁ ወገን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአዋቂዎች የተሠሩ ብዙ ፐዝሎች በሳጥናቸው ላይ ሥዕል አልነበራቸውም፤ የሥዕሉ ርዕስና የቁራጮቹ ብዛት ብቻ ተጽፎ ይሸጡ ስለነበር፣ ክዳኑ ከተጣለ ፐዝሉ ስሙን አጣ ማለት ነው።

ክዳኑ የያዘው የአሳታሚውን ጽሑፍ ብቻም አይደለም። የቀድሞ ባለቤቶች ፐዝሉን የጨረሱበትን ቀን፣ የፈጀባቸውን ሰዓት፣ የጎደለውን ቁራጭ ብዛት በእርሳስ ይጽፉበት ነበር። በእኔ ዘንድ ከሥዕሉ ይልቅ ውድ የሆነው ይህ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ላጲስ ይዘው «ሊያጸዱት» የሚነሡ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ።

እንጨቱም ይናገራል። የለንደኑ ካርታ ሠሪ ጆን ስፒልስበሪ በ1760ዎቹ ካርታ በማሆጋኒ ጣውላ ላይ ለጥፎ፣ የአገሮችን ድንበር ተከትሎ በመጋዝ እየቆረጠ ለልጆች የጂኦግራፊ መማሪያ አድርጎ ይሸጥ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ጣውላው በኮምፔንሳቶ ተተካ። የኅትመቱንም ዓይነት አጉሊ መነፅር ይለየዋል፤ በእጅ የተቀባ ቀለም ከመስመሩ ያልፋል፣ የክሮሞሊቶግራፍ (እያንዳንዱ ቀለም በየተራ ከድንጋይ ላይ የሚታተምበት ሥዕል) ነጠብጣብ ሥርዓት የለውም፣ የኋለኛው የፎቶ ኅትመት ነጠብጣብ ግን እንደ ተሰለፈ ወታደር ቀጥ ያለ ነው። ሙጫው የእንጨቱን ጀርባ ሲሸፍን፣ ቫርኒሹም የቀለሙን ፊት ሲለውጥ ይህ ሁሉ ንባብ ይደናቀፋል።

የእንግሊዝ የቀበሮ አደን ሥዕል ለፐዝል ቆራጮች ለምን እንደተመቸ የሚገባን ቁራጮቹን በጣታችን ስናገላብጥ ነው። ሄንሪ አልከንን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች ያስለመዱት ትዕይንት ቀይ ኮት፣ ነጭና ቡናማ ውሾች፣ ሰፊ አረንጓዴ መስክና ደመናማ ሰማይ አለው። ጎበዝ ቆራጭ መጋዙን በቀለማት ወሰን ላይ ይመራዋል፤ ቀዩ ኮት የሚያበቃው በቁራጩ ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ አጠገቡ ያለው አረንጓዴ ቁራጭ ስለ ፈረሰኛው አንዳች ፍንጭ አይሰጥም። ብዙዎቹ ቁራጮች እርስ በርስ ስለማይቆላለፉም የክንድ ንክኪ የአንድ ምሽት ሥራ ይበትናል። ይህን የእጅ ጥበብ በመስታወት ሥር ማየት አይቻልም።

አንዳንድ አንባቢ የአደን ሥዕል መሰብሰብ አደንን ማወደስ ነው ይል ይሆናል። እኔ አደንን አልወድም። በእንግሊዝና በዌልስ ቀበሮን በውሾች ማደን በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ተከልክሏል፤ የተከለከለው ነገር በስንት ቤት ጠረጴዛ ላይ እንደ መዝናኛ ይገጣጠም እንደነበር የሚያሳየን ግን ይኸው ወረቀትና እንጨት ነው።

ስለዚህ ሻጮችን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ቁራጭ ቢጎድልም ፐዝሉን ለመለዋወጫ አትበትኑት፤ ምትክ ቁራጭ ካሠራችሁም ጀርባው ላይ ምልክት አድርጉበት። የተቀደደ ክዳን በፕላስተር አይጠገን፤ ማጣበቂያው እየቆየ ወረቀቱን ያበልዛል። አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልላችሁ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ይህን የምጽፈው በወጣትነቴ አንድ የፈረሰኞች ፐዝል በገዛ እጄ በሙጫ አጣብቄ፣ ሳጥኑንም ስለ ጣልኩት ነው። ሥዕሉ አሁንም ከእኔ ጋር አለ፤ ርዕሱን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ሰብሳቢ አንባቢ