የሆንዳ ጄት ሞተርና ከሰንጠረዡ የጎደለችው ዓምድ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሆንዳ የጄት ሞተር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጋራዥ ውስጥ አምስት ሆነን በአንድ ስልክ ተሻምተን አነበብነው። ደስ ይላል፣ እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ብዙ አይጻፍም። ግን ሁለት ነገር አልዋጥ አለኝ። አንደኛው፣ የመኪና ፋብሪካዎች የአውሮፕላን ሞተሩንም ሥራ ሊረከቡት ነው ያላችሁት። ሁለተኛው ከሥር ያለው ሰንጠረዥ። የሆንዳን ኤችኤፍ120 ከቦይንግ 777ቱ ጂኢ90 ጋር አሰልፋችሁ ወደፊት በሚገፉበት ኃይል ብቻ አወዳደራችኋቸው። አንዱ 2,050 ፓውንድ፣ ሌላው ከ115 ሺህ በላይ። ኧረ እባካችሁ! ባጃጅና ሲኖትራክ አቁሞ የትኛው ብዙ አሸዋ ይጭናል እንደማለት እኮ ነው።

የሆንዳው ሞተር ፊቱ ላይ ያለው ማራገቢያ ስፋቱ 47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከኮሮላ ጎማ ያንሳል። የጂኢ90 ከሦስት ሜትር ያልፋል። ቦሌ ላይ የአየር መንገዳችንን 777 ተሳፍሮ ክንፉ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፣ ሚኒባስ ታክሲ በአፉ ቢያስገቡበት ይገባል። አንዱ ጥቂት ባለሀብቶችን ያመላልሳል፣ ሌላው ሦስት መቶ ምናምን ሰው ከነሻንጣው ውቅያኖስ ያሻግራል። ሥራቸው ለየቅል ነው።

እኔ የናፍጣ መካኒክ ነኝ፣ ጄት ሞተር ፈትቼ አላውቅም። ቱርቦ ግን ስፈታ ዓመታት አልፈዋል፣ ቱርቦ ደግሞ ለጄት የሥጋ ዘመዱ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዱን ባለ ክንፍ መዘውር ያዞራል፣ እሱ በዚያው ዘንግ ላይ ያለውን ሌላውን ያዞራል፣ ያኛው አየር ስቦ እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በሁለቱ መሃል ነዳጅ የሚነድበት ጣሳ ብታስገቡ ትንሽዬ ጄት ሆነላችሁ። ይህን ግቢያቸው ውስጥ ለጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ኤችኤፍ120 ውስጥም አየሩን መጨረሻ ላይ የሚጨምቀው የቱርቦዋን የመሰለ መዘውር ነው፣ ብቻ ከታይታንየም የተሠራ። ስለዚህ ሳይንሱ ለመኪና ፋብሪካ እንግዳ አይደለም። እዚህ ላይ ከጸሐፊያችሁ ጋር አልጣላም።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። ሰሞኑን አንድ ፒካፕ ሰማያዊ ጭስ እየተፋ መጣ። ቱርቦውን አውርጄ ዘንጉን በሁለት ጣት ስነካው እንደ ላላ ጥርስ ይነቃነቃል። የመዘውሩ ጫፎች ግድግዳውን እየፋቁ ተበልተዋል። ሰውየው ዘይት መቀየሩን "እስቲ ለሚቀጥለው ወር" ሲል ከርሟል። ከመርካቶ ሳልባጅ አመጣን፣ ገጠምን፣ ሄደ። ያ ሳልባጅ ከየት መኪና እንደወረደ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሠራ እኔም አላውቅ፣ ሻጩም አያውቅ። አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። በጄት ሞተር ውስጥ የሚዞር እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ቁጥር አለው፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳና እንዳረፈ ይቆጠርለታል። ወረቀቱ ከጠፋ፣ ዲስኩ እንደ መስታወት ቢያበራም ለቁርጥራጭ ብረት ነው የሚሄደው። እንግዲህ ሞተሩን የሸጠ ፋብሪካ ያንን ወረቀትና ያንን መለዋወጫ ለሠላሳ ዓመት ምናምን ማቅረብ አለበት። መውለዱ ሳይሆን ማሳደጉ ነው የሚከብደው።

ሆንዳ ይህን ያወቀው ገብቶበት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 ምርምር ጀመረ። በ2003 የራሱን ሞተር በራሱ አውሮፕላን ላይ አስሮ አበረረ። ከዚያስ? "ቻልኩበት" ብሎ ብቻውን ገበያ ወጣ? አልወጣም። በ2004 ጂኢ90ን ከሚሠራው ከአሜሪካው ጂኢ ጋር ሽርክና ገባ። ሞተሩ የአሜሪካን የአቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘው በ2013 መጨረሻ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት! በዚያ ላይ ይህ ሁሉ የሞተር ችሎታ ያለው ሆንዳ ነው።

ሌሎቹማ ተዉት። ፖርሽ በ1980ዎቹ የ911 መኪናውን ሞተር ለትናንሽ አውሮፕላኖች አዘጋጅቶ ፈቃድ አገኘ። ጥሩ ሞተር ነበር፣ ድምፁም ለስላሳ ነው ይባልለታል። በ1991 ማምረቱን ተወው። ፖርሽ መኪና እየሸጠ ኑሮውን ቀጠለ፣ ሞተሩን የገዙት ግን በኋላ ብዙዎቹ አውርደው ሌላ ለመግጠም ተገደዱ። ቶዮታ የሌክሰስን ቪ8 አሻሽሎ በ1996 ፈቃዱን እጁ አስገባ፣ ገበያ ላይ ግን ጭራሽ አላወጣውም። ፓካርድ የሚባለው የአሜሪካ መኪና ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ50 ሺህ በላይ መርሊን የሚባለውን የሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተር አምርቷል፣ እሱ ግን የሌላ ሰው ንድፍ ነው፣ ገዢውም መንግሥት ነበር።

በነገራችን ላይ ሮልስ ሮይስንም "የመኪና ፋብሪካ ነው" ብላችሁ ቆጥራችሁታል። የአየር መንገዳችን ኤ350 አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር የምናየው ሮልስ ሮይስ ከመኪናው ሮልስ ሮይስ የተለያየው በ1973 ነው። ያለያያቸውም ሞተር ነው፣ አርቢ211 የሚባለው ወጪው አናት ላይ ወጥቶ ድርጅቱን በ1971 አከሰረው። መኪናው ዛሬ የቢኤምደብሊው ነው። ቢኤምደብሊው ደግሞ ሥራ የጀመረው በአውሮፕላን ሞተር ነበር። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ የአውሮፕላን ሞተር ሥራ ሲከለከል ነው ወደ ሞተር ሳይክል የዞረው። ስለዚህ "ከመኪና ወደ አውሮፕላን" የምትሏት መንገድ ያን ያህል ቀጥ ያለች አይደለችም።

አንድ ነገር ደግሞ ጸሐፊያችሁ አልፎታል። ሆንዳ አሁን ኤሼሎን የሚባል ከፊተኛው አውሮፕላኑ የሚበልጥ የጄት አውሮፕላን እያዘጋጀ ነው። ሞተሩ የማን ይመስላችኋል? የዊሊያምስ! ዊሊያምስ ትንንሽ የጄት ሞተር ሲሠራ የኖረ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ ለኤችኤፍ120ም ተፎካካሪ። ሆንዳ በራሱ ቤት ሞተር እያለው ለአዲሱ ልጁ ከጎረቤት ገዛ። እኔ አላማውም፣ ሌላ መጠን ያለው ሞተር አዲስ ሠርቶ ፈቃድ ማስወጣት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን "ሊረከቡት ነው" ለሚል ርዕስ ይህ አይመችም።

ሰንጠረዡን እንደገና የምታወጡት ከሆነ አንድ ዓምድ ጨምሩበት፣ ሞተሩ ሙሉ እድሳት ሳያስፈልገው የሚሠራበትን ሰዓት። የኤችኤፍ120 5,000 ሰዓት ነው። በመኪና ብናሰላው፣ በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ብንይዝ፣ 250 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ያውም አብዛኛውን ነዳጁ ተረግጦ። እዚህ ጋራዥ ስናነበው ሁላችንም ዝም ያልነው እዚህ ቁጥር ላይ ነበር፣ ባለ ፒካፑን ጨምሮ።

አንባቢያችሁ
ከቄራ፣ አዲስ አበባ