ጃዙ አላረጀም፤ ያስቸገረን የምሽቱ አዘገጃጀት ነው

ለክቡር አዘጋጅ፣

«ጃዝ የአዛውንት ሙዚቃ ነው፤ የዘንድሮ ልጅ ቁጭ ብሎ አይሰማውም» የሚለው ወሬ ድሬዳዋ ውስጥ የሙዚቃ ዝግጅት በታሰበ ቁጥር ይነሳል። የሚያነሱት አዳራሽ የሚያከራዩና ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ስለሆኑ ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ባንዱ ይቀርና በፍላሽ የመጣ ፕሌይባክ፣ ማለትም ቀድሞ የተቀዳ ሙዚቃ፣ ቦታውን ይይዛል። እኛ በመድረክና በድምፅ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ ነን፤ በዚህ አባባል አንስማማም። ወጣቱንም ሽማግሌውንም ከአዳራሽ የሚያስወጣው ጃዙ አይደለም፤ በአግባቡ ያልተሰናዳ ምሽት ነው። ማሰናዳቱ ደግሞ የሚለመድ ሥራ ነው።

እስከ ዛሬ የሚደመጡት ታላላቅ የጃዝ ምሽቶች ሁሉ ነገር ተሟልቶላቸው የተካሄዱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1975 አሜሪካዊው ፒያኖ ተጫዋች ኪት ጃሬት በጀርመን ኮሎኝ ኦፔራ ቤት ብቻውን ፒያኖ ሊጫወት ሲመጣ ትልቁን የቦዘንዶርፈር ፒያኖ አዝዞ ነበር። መድረክ ላይ ያገኘው ለልምምድ የሚያገለግለውን ትንሹን ነው፤ የላይኛው ድምፁ የሳሳ፣ የታችኛው ጉልበት የሌለው፣ ፔዳሉ በደንብ የማይሠራ። ባለሙያዎች ሰዓታት ፈጅተው አቃኑት። ጃሬትም አብዛኛውን ጊዜ መሃለኞቹ ቁልፎች ላይ ቆየ፤ በግራ እጁ አንድ አጭር ሐረግ ደጋግሞ እየመታ የጎደለውን ጉልበት ሞላ። የሃያ ዓመት ልጅ ስለ ኮሎኝ ምንም ሳያውቅ ያን ቅጂ ቢሰማ፣ አንድ ሰው ካልተመቸው መሣሪያ ጋር ሲታገልና ሲያሸንፍ ይሰማል። ፕሌይባክ ይህን ሊሰጠው አይችልም።

አሜሪካ ውስጥ በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል የሆነው ደግሞ ለእኛ ለድምፅ ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1956 የዱክ ኤሊንግተን ባንድ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ፖል ጎንሳልቬስ በ12 ባር (ባር አራት ምት የሚይዝ የዜማ ክፍል ነው) ብሉዝ ላይ ሳያቋርጥ 27 ዙር ነፋ። 324 ባር ማለት ነው። ተቀምጦ ያመሸው ሕዝብ ተነስቶ ጨፈረ። ጎንሳልቬስ ግን ፊቱን ያዞረው ለሬዲዮ ወደተተከለው ማይክ እንጂ ሸክላ አሳታሚው ወደተከለው አልነበረም። ስለዚህ በጊዜው በወጣው ሸክላ ላይ ሶሎው ከሩቅ የመጣ ይመስላል። የሬዲዮው ቅጂ ተገኝቶ ከሸክላው ቅጂ ጋር ተዋህዶ የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለአንድ ነፊ ሁለት ማይክ ከተተከለ ዋናው የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ይነገረው፤ የሚቆምበትም ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 በቶሮንቶ ማሲ ሆል ቻርሊ ፓርከር በፕላስቲክ ሳክስፎን ከዲዚ ጊለስፒ፣ ከበድ ፓወል፣ ከቻርልስ ሚንገስና ከማክስ ሮች ጋር የተጫወተበት ቅጂም እንከን አለበት። ቤዙ በደንብ አልተቀዳም ነበርና ሚንገስ ኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ደርቦ ተጫወተው። ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጀራልድም እ.ኤ.አ. በ1960 በርሊን ላይ የዘፈኑን ግጥም ብትረሳ፣ እዚያው ፈጠራ ጨምራ ጨረሰችው፤ ዛሬ ሰው የሚወድላት ያንኑ ነው።

የእኛም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ሆኖ የጀመረው ኢትዮ ጃዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ የሁለቱን ዓለም ሙዚቀኞች አንድ መድረክ ላይ አገናኝቷል። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያ በሰባ ዓመቱ ገደማ ከሆላንድ የፓንክ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር ሲጫወት፣ ከፊቱ ቆሞ የሚዘለው የልጅ ልጆቹ እኩያ ነበር። ታዲያ ወጣቱ አይሰማም የሚለው ከየት መጣ?

ወጣቱ አልገባኝም የሚለው የቱ ጋ እንዳለ ሲጠፋበት ነው። ይህን ለመፍታት ከመጀመሪያው ዜማ በፊት አንድ ደቂቃ ይበቃል። የባንዱ መሪ ማይክ ይዞ «ይህ ብሉዝ ነው፤ 12 ባር፣ በየባሩ አራት ምት፣ በድምሩ 48 ምት፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው» ይበል። ድራም መቺው አንድ ዙር በቀስታ ይምታ፣ ሕዝቡ በጣቱ ይቁጠር። ራፕ የሚሰማ ልጅ 16 ባር ምን እንደሆነ ቀድሞውንም ያውቀዋል። ቀጥሎ ሳክስፎኑና ድራሙ አራት አራት ባር ሲቀባበሉ ልጁ ተራው የማን እንደሆነ እያወቀ ይጠብቃል፤ ያኔ ስልኩን ኪሱ ይከታል። የመጀመሪያው ክፍል ላይ እያንዳንዱ ሶሎ ከሁለት ዙር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ረጃጅሙ ጆሮ ከለመደ በኋላ፣ በሁለተኛው ክፍል ይምጣ።

በቅኝት ሲጫወቱ ደግሞ ኪቦርዱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚህን አምስቱን ሚ–ላ–ሬ–ሶል–ዶ ብለው ከታች ወደ ላይ ቢደረድሯቸው ሁሉም በአራተኛ ርቀት ይቀመጣሉ፤ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾች የሚወዱት አደራደር ራሱ ነው። ትዝታ ላይ ጃዝ የሚያምረው አንዱም በዚህ ነው፤ ከቅኝቱ ሳይወጡ ዘመናዊ ድምፅ ይገኛል። አንቺሆዬ ግን እንዲህ አይታዘዝም። ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነውና (ቤሞል በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው) የተለመደው ኮርድ ሲደረብበት ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ይገባና ለዛው ይጠፋል። እዚያ ላይ ግራ እጅ አንድ ድምፅ ይዞ ቢቆይ ይሻላል።

አሁን ወደ ድሬ ሙቀት እንምጣ፤ ብዙ ባንድ የሚበላሸው እዚህ ነው። ከሐረር ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ባንድ እዚያ ቃኝቶ የለመደውን እዚህ ሲጫወት ነፊዎቹ ከኪቦርዱ ድምፅ ይወጣሉ፤ ሕዝቡ ምክንያቱን ባያውቅም ጆሮውን ይቆረቁረዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድምፅን በሴኮንድ 343 ሜትር ያስኬዳል፤ በ35 ዲግሪ ወደ 352 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ሳክስፎንና ትራምፔት ሲሞቃቸው ድምፃቸው ከፍ ይላል። በስሌት ሲታይ ልዩነቱ ለግማሽ ሰሚቶን (ሰሚቶን በኪቦርድ ላይ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት ነው) ጥቂት የቀረው ነው፤ የተጫዋቹ ትንፋሽ ራሱ ሙቅ ስለሆነ በተግባር ያንሳል፣ ግን ጆሮ ይይዘዋል። የጊታርና የቤዝ ብረት ክር ደግሞ ሲሞቅ ይላላና ይወርዳል። ኪቦርዱ አይነቃነቅም። ሦስቱ ወደ ሦስት አቅጣጫ ሄዱ ማለት ነው።

መፍትሔው መቃኘቱን በሚጫወቱበት ቦታና በሚጫወቱበት ሰዓት ሙቀት ማድረግ ነው። ማራገቢያ ባለበት የሆቴል ክፍል የተቃኘ ሳክስፎን መድረክ ላይ ዋጋ የለውም። ነፊው መድረኩ አጠገብ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነፍቶ ያሙቀው፣ ከዚያ የኪቦርዱን ላ ይስማ፤ ከፍ ካለበት አፉ ላይ ያለውን ማውዝፒስ ከቡሹ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይሳብ። ከዚያ በላይ ከሳበው የላይኛው ኦክታቭ ከታችኛው ይበልጥ ይወርድና ሌላ ችግር ይመጣል። ጊታርና ቤዝ የሚቃኙት መጨረሻ ላይ፣ የመድረኩ መብራት ከበራ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው፤ መብራቱም ራሱ ያሞቃልና።

የሳክስፎን ሸምበቆ በደረቅ አየር ጫፉ ይጣመማል፤ ሲነፋ ያፏጫል። ሦስት ወይም አራት ሸምበቆ ይዞ እያፈራረቁ መጠቀም፣ በዕረፍት ጊዜም ክዳን ባለው መያዣ ማስቀመጥ ነው። ኮንትራባስ ይዞ የሚመጣ ካለ ከፀሐይና ከኤርኮንዲሽነር አጠገብ አያቁመው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተርና የተጣበቀበት መገጣጠሚያ ይላቀቃል። በተበሳሳ የሳሙና መያዣ ውስጥ የታጨቀ እርጥብ ስፖንጅ ሻንጣው ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል።

አዳራሾቻችን ሲሚንቶ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ናቸው። ጃዝ ደግሞ ዝርዝር ይፈልጋል፤ ገደል ማሚቶ ያለበት ቤት ዝርዝሩን ይውጠዋል። ወፍራም መጋረጃ ከግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ ሲሰቀል ከተለጠፈው ይበልጥ ድምፅ ይመጥጣል። ከድራሙ ሥር ምንጣፍ ይነጠፍ። ቤዝ አምፕሊፋየሩን ጥግ ላይ አታስቀምጡት፤ ጥግ የታችኛውን ድምፅ ያሳብጠውና ቤዙ ይጮሃል እንጂ ምን እንደሚጫወት አይለይም። ሳክስፎኑን ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ርቆ ከደወሉ ይልቅ ወደ ቁልፎቹ ያነጣጠረ አንድ ማይክ ይበቃዋል። ለድራሙ ከላይ አንድ፣ ለትልቁ ከበሮ አንድ ከተገኘ ለ150 ሰው አዳራሽ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የጣሪያ ማራገቢያ ነፋሱ ማይክ ላይ እንዳይመታ ስፖንጅ ማልበስ ነው።

ሽማግሌዎች ቀድመው የሚወጡት በጩኸቱ ነው። ለጆሮ ደኅንነት የሚሰጠው የታወቀ ምክር 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ትንሽ ቤት ውስጥ በዱላ የሚመታ ድራም ብቻውን 100ን ያልፋል። ድራም መቺው ለዘገምተኛ ዜማ ብሩሽ ይያዝ፤ የድምፅ ባለሙያው ሞኒተሩን (ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበትን ድምፅ ማጉያ) ከመጨመር ይልቅ ሌላውን ይቀንስ። በስልክ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ፍጹም ትክክል ባይሆንም መሄጃውን ያሳያል።

መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጀነሬተር ከአዳራሹ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከግድግዳ ጀርባ ይሁን። የድምፅ ዕቃው ሁሉ ኃይል ከአንድ መስመር ይሳብ፣ የመድረክ መብራቱ ከሌላ። ድምፅ ማጉያው ውስጥ «ኡም» የሚል ከመጣ ብዙውን ጊዜ ዕቃዎቹ ከሁለት የተለያየ ቦታ ስለተሰኩ ነው። አንዳንዱ የሶኬቱን የግራውንድ እግር ነቅሎ ሊያጠፋው ይሞክራል። ይህ ማይክ የጨበጠን ሰው ሊገድል ይችላል፤ አይደረግ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከተማው ከቀን ሙቀቱና ከበርጫው የሚወጣው ሲመሽ ነው። የድምፅ ሙከራው (ሳውንድ ቼኩ) ከመግሪብ በፊት ይለቅ፤ ሙዚቃው ከዒሻ ሰላት በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጀምር። 45 ደቂቃ፣ 20 ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና 45 ደቂቃ። አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ባጃጅ ሳይጠፋ ሁሉም ቤቱ ይገባል፤ አያትም የልጅ ልጅም አብረው ሊመጡ የሚችሉት እንዲህ ሲሆን ነው። ደጅ ለሚደረግ ዝግጅት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው አየር ተመራጭ ነው።

አንድ ነገር ድሬ ከሌላው ከተማ የምትለይበት አለ። አሊ ቢራን ያፈራው የአፍረን ቀሎ ባንድ እዚሁ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተነስቶ ዑድን፣ ጊታርንና አኮርዲዮንን ለሕዝቡ ጆሮ አስለምዷል። ዑድ የጣት መከፋፈያ ስለሌለው ኪቦርድ የማይደርስባቸውን ድምፆች ይደርስባቸዋል፤ በጃዝ ባንድ ውስጥ ቢገባ ሶሎው የትም የማይገኝ ይሆናል። ድምፁ ግን ትንሽ ነው። ማይኩን ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ርቀት፣ ከቀዳዳው ዘንበል አድርጎ መትከል ነው፤ ፊት ለፊት ከተተከለ የታችኛው ድምፅ ያብጣል። ዑዱ ሶሎ ሲይዝ ድራሙ ወደ ብሩሽ ይውረድ።

መቅዳትን አትርሱ። ከመድረኩ 3 ወይም 4 ሜትር ላይ፣ ከሰው ራስ በላይ፣ ሁለት ማይክ በ17 ሴንቲሜትር ልዩነት ወደ ግራና ቀኝ በ110 ዲግሪ ተከፍተው ከተተከሉ የአዳራሹን ስሜት ይይዛሉ። በ24 ቢት ይቀዳ፤ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ ይቁም፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እንዳይሰነጠቅ። ቅጂው በዚያው ሌሊት ሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ በፋይሉ ስም ላይ ቀኑ፣ አዳራሹና የተጫዋቾቹ ስም ከነመሣሪያቸው ይጻፍ።

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሙዚቃ ዝግጅት ማስታወቂያ ስታትሙ፣ የሚጀመርበትን ትክክለኛ ሰዓት፣ የባንዱን አባላት ስም ከሚጫወቱት መሣሪያ ጋር፣ እንዲሁም ሙዚቃው በቀጥታ የሚቀርብ ይሁን በፕሌይባክ፣ አዘጋጁን ጠይቃችሁ አብራችሁ አውጡልን።

በመድረክና በድምፅ ሥራ የተሰማራን አንባቢዎቻችሁ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ