መነኩሴው የተቀበለው ምግብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኤችአይቪ ስትጽፉ ሁሌ ሐኪምና መድኃኒት ብቻ ነው የምታነሱት። እስቲ የታይላንድ ቡድሂስት መነኮሳትንም አንሱልን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሰሜን ታይላንድ በቫይረሱ ክፉኛ ስትመታ፣ ቤተሰቡ የሸሸውን ታማሚ ያስጠጉ ገዳማት ነበሩ። በ1997 ደግሞ በሰሜን ታይላንዷ ከተማ ቺያንግ ማይ ውስጥ ሳንጋ ሜታ የሚባል ፕሮጀክት መነኮሳትን ስለ መከላከልና ስለ እንክብካቤ ማሰልጠን ጀመረ። ሥራው በኋላ ወደ ላኦስና ካምቦዲያም ዘልቋል።

እኔን የገረመኝ ግን የምግቡ ነገር ነው። እዚያ መነኩሴ ጠዋት ጠዋት የምጽዋት ሳህኑን ይዞ ይወጣል። ቫይረሱ በደሟ ያለባት ሴት የሠራችውን ምግብ ተቀብሎ ሲበላ ጎረቤት ሁሉ ያያል። ኤችአይቪ በምግብ እንደማይተላለፍ መቶ ጊዜ ቢነገረው የማይዋጥለት ሰው፣ የሚያከብረው መነኩሴ ሲበላ እያየ ምን ይላል?

ሁሉም መነኩሴ እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። በሽታውን የካርማ፣ ማለትም ሰው ቀድሞ የሠራው ክፉ ሥራ፣ ቅጣት አድርገው የሚያዩም አሉ፣ እሱ ደግሞ መገለሉን ያባብሰዋል። ጸሎትም ቢሆን መድኃኒትን አይተካም፤ ደግ መነኩሴ ማለት ለእኔ ሰውየውን አጽናንቶ ወደ ምርመራ የሚልክ፣ ክኒኑን እንዳያቋርጥ የሚጎተጉት ነው።

አንባቢያችሁ