ለጨቅላ ሕፃናት አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ የማንሸጥበትን ምክንያት ስለመግለጽ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ

ከከተማውም ሆነ ከጎዛምን፣ ከማቻከልና ከስናን መጥታችሁ በመድኃኒት ቤታችን የምትገለገሉ ደንበኞቻችን፣ ወር ላልሞላው ሕፃን አሞክሳሲሊን (ባክቴሪያን የሚገድል አንቲባዮቲክ) ስትጠይቁ ባለሙያዎቻችን ማዘዣ ካላዩ ለምን እንደማይሰጧችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። ያን ያህል መንገድ መጥቶ ባዶ እጅ መመለስ እንደሚያስቆጣ ስለምናውቅ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ይገባናል።

ብዙ ጊዜ ወደ ባንኮኒያችን የሚቀርበው ታላቅየው ልጅ ጠጥቶ የጨረሰው፣ አፉ ላይ ሽሮፑ የደረቀበት ባዶ ጠርሙስ ነው፤ «የዚህን ዓይነት ስጡን» ይባላል። ነገር ግን በዚያ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው መጠን ለታላቁ ልጅ የታዘዘ እንጂ ለሦስት ኪሎ ጨቅላ የተሰላ አይደለም፤ ከዚህም በላይ ከ28 ቀን በታች ያለ ሕፃን በባክቴሪያ ሲጠቃ ሕመሙ ወደ ደሙ ለመዛመት ጊዜ ስለማይፈጅበት የዓለም ጤና ድርጅት በቅድሚያ የሚመክረው ሆስፒታል ገብቶ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉ አንቲባዮቲኮችን በመርፌ እንዲወስድ ነው።

የሚያሳስበው ግን እነዚህን መርፌዎች የተላመዱ ባክቴሪያዎች መበራከታቸው ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ተካሂዶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከታመሙ ጨቅላዎች ደም በብዛት ያገኘው ክሌብሴላ የተባለውን ባክቴሪያ ነበር። ክሌብሴላ አምፒሲሊንን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ አሞክሳሲሊንም የዚያው ወገን በመሆኑ አይነካውም። ጄንታማይሲንንም የተላመደ ከሆነ ሐኪሙ እንደ ሜሮፔነም ወዳሉ ውድና በየቦታው ወደማይገኙ መድኃኒቶች ለመሄድ ይገደዳል።

አንቲባዮቲክ በተወሰደ ቁጥር ደካማዎቹ ባክቴሪያዎች ሞተው የተላመዱት ይተርፋሉ፤ የመቋቋም ባሕርያቸውንም ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ሳይቀር ያስተላልፋሉ። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን ባክቴሪያዎች የሚያገኘው ሲወለድ ከእናቱ፣ ቀጥሎም ከሚነኩት እጆች ስለሆነ፣ በቫይረስ ለሚመጣ ጉንፋን ቤተሰቡ በከንቱ የዋጠው እንክብል ዳፋው ለአራሱ ቤት ይተርፋል። እትብት ላይ ቅቤ መቀባትና እንጥል ማስቆረጥም ለባክቴሪያ መግቢያ እንደሚከፍቱ፣ አያቶች ቢቆጡንም እንኳ፣ ሳንናገር አናልፍም።

የታመመ ጨቅላ ሁልጊዜ አያተኩስም፤ ገላው ሊቀዘቅዝም ይችላል። ጡት አልይዝ ካለ፣ ሲነኩት ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደ፣ ወደ እኛ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሆስፒታል መድረስ በማይቻልበት ጊዜ የሠለጠነ ባለሙያ አሞክሳሲሊንን ከጄንታማይሲን መርፌ ጋር አቀናጅቶ የሚሰጥበት አሠራር አለ፤ ያ ግን ሕፃኑ ተመርምሮና ተመዝኖ ነው።

ማዘዣ ይዛችሁ ስትመጡ ዱቄቱን እዚሁ በጥብጠን፣ የሚሰጠውን መጠን መለኪያው ላይ ምልክት አድርገን እናስረክባችኋለን። የታዘዘው ቀን ካለቀ በኋላ የተረፈውን ለሌላ ልጅ ሳታስቀምጡ መልሳችሁ አምጡልን፤ እኛ በአግባቡ እናስወግደዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያዎች
ደብረ ማርቆስ