ለአባባ ተስፋዬ ክፍል ቆርቆሮና በርጩማ

የጅማ ልጆች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የሰፈራችን እድር ድንኳንና ድስት ከሚያስቀምጥባቸው ክፍሎች አንዷን ለልጆች ለቋል። የተረት ክፍል ልናደርጋት ነው። በቴሌቪዥን ተረት ነጋሪው በአባባ ተስፋዬ ስም እንድትጠራም ተስማምተናል።

የባሌ ሰው ከጅማ ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። የእኛ ዕድሜ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ጫማ አውልቀን፣ ተጠጋግተን ቁጭ እንላለን። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ ከምራችን ነበር የምንመልሰው። ያዩናል ብለን!

ተስፋዬ ሳህሉ መጀመሪያ የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን ሴት ሆነው ተጫውተዋል። ኮሪያ ድረስ ሄደው እዚያ የዘመቱትን የኢትዮጵያ ወታደሮች፣ የቃኘው ዘማቾችን፣ አዝናንተዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ እሳቸውም ብዙም ሳይቆዩ የልጆችን ክፍለ ጊዜ ይዘው ብቅ አሉ። ከዚያ 42 ዓመት ያህል አልለቀቁትም። ያረፉት ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ስቱዲዮው ጥቁርና ነጭ፣ ዕቃው ጥቂት ነበር። እሳቸው ግን በድምፃቸው ብቻ አንዴ ጅብ፣ አንዴ ጦጣ ይሆኑልን ነበር። የዛሬ ልጅ ስልክ ይዞ ዝም ይላል። ተረት የሚነግረው ሰው ነው ያጣው።

ወደ ጉዳያችን። ጣሪያው ያፈሳል። የጅማን ዝናብ ለእናንተ አልነግርም፤ መጽሐፍ በአንድ ክረምት ይሻግታል። ስለዚህ መጀመሪያ 12 ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ ከወለል ከፍ ያለ መደርደሪያ ያስፈልገናል። ከዚያ ለልጅ ቁመት የሚሆን 40 በርጩማ፣ ያው የእኛው ባለ ሦስት እግሩ። ጅማ ተቀምጦ የፕላስቲክ ወንበር መግዛት ነውር ነው! አናጺዎቻችን እንጨቱን ካቀረብን የእጅ ዋጋ አንቀበልም ብለዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። አንድ ቴሌቪዥንም እንፈልጋለን። የአባባ ተስፋዬን ተረት ትንሽ አሳይተን እናጠፋዋለን፤ ከዚያ ተራው የሰፈር ሽማግሌዎች ነው፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም።

ገንዘብ የምትሰጡ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ውጭ ያላችሁ በቤተሰብ በኩል ላኩ። የገባውና የወጣው በየወሩ በክፍሏ በር ላይ ይለጠፋል፤ ሐሜት አንወድም። የልጆች መጽሐፍም እንቀበላለን፣ ገጹ ያልጎደለ ከሆነ።

ተረት የምታውቁ እናቶችና አባቶች ደግሞ ብር አንጠይቃችሁም። ጣሪያው እንዳለቀ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በሉ። ቡናው ከእኛ ነው።