ከቤንዚኑ በፊት ዩሪያው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ካርቦን ዳይኦክሳይድን በታዳሽ ኤሌክትሪክ ወደ ነዳጅ ስለመለወጥ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤአለሁ። ነገሩ እንደሚቻል አልጠራጠርም፤ አይስላንድ በከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ሜታኖል የተባለውን ነዳጅ ከዚሁ ጋዝ ስታመርት ቆይታለች። ቅር ያሰኘኝ ጽሑፉ ዩሪያ ማዳበሪያን ትቶ የመኪና ነዳጅን ብቻ ማንሣቱ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንዴ የተቃጠለ ነገር ስለሆነ፣ መልሶ ነዳጅ ለማድረግ ሲቃጠል የሰጠውን ጉልበት ከነኪሳራው መክፈል ግድ ይላል። በዚህ ነዳጅ የሚሄድ መኪና ባትሪውን በቀጥታ ከሚሞላው ጋር ሲነጻጸር ለእኩል መንገድ አራት እጥፍ ያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ለከለከለ አገር ይህ ምኑ ያዋጣል?

ዩሪያ ግን ሌላ ነው። የሚሠራው ከአሞኒያና ከዚሁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ለአሞኒያው የሚያስፈልገው ሃይድሮጂን ዛሬ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ቢወጣም ከውሃም ይገኛል። ተማሪዎቼ በሁለት በኩል የተቀረጹ ሁለት እርሳሶችን ከባለ 9 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኝተው ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ሲነክሩ፣ በኔጌቲቩ በኩል የሚወጣው የሃይድሮጂን አረፋ ከሌላው እንደሚበዛ በዓይናቸው ያያሉ። በፋብሪካ ደረጃ አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል፤ አንድ ቶን ዩሪያ ደግሞ 100 ኪሎ ሃይድሮጂን ይፈልጋል። እንግዲህ አዳማ ዳር ባሉት ኮረብቶች ከተተከሉት ባለ 1.5 ሜጋዋት ተርባይኖች አንዱ፣ ነፋስ ሞልቶለት ሦስት ሰዓት ተኩል ቢዞር የአሥር ኩንታል ዩሪያ ሃይድሮጂን ያወጣል ማለት ነው፤ ለአሞኒያው የሚገባውን ናይትሮጂን ከአየር ለመለየትና ጋዞቹን ለማመቅ የሚወጣውን ኃይል ሳልቆጥር።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ከአየር መልቀም አያሻም፤ በአየር ውስጥ ከአሥር ሺህ እጅ አራቱ ብቻ ነውና። መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ላይ ከስኳር ተረፈ ምርቱ ከሞላሰስ ኤታኖል ሲጠመቅ የሚወጣው ጋዝ ግን ንጹሕ ሊባል የሚችል ነው (የጠላ ጋን ሲፈላ ያየ ሰው ያውቀዋል)። እርግጥ ዩሪያው ማሳ ላይ ሲበተን ጋዙ ወደ አየር ይመለሳል፤ ትርፉ ጋዙን መቅበር ሳይሆን የተፈጥሮ ጋዙንና ከሰሉን መተው ነው። ስለ ነዳጁም ይህንኑ ልትነግሩን ይገባ ነበር።

በቀጣይ ብትጽፉበት የምወደው ስለ ዋጋው ነው፤ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ አንድ ብር በጨመረ ቁጥር፣ ለሃይድሮጂኑ ብቻ በ50 ኪሎ የዩሪያ ጆንያ ላይ 250 ብር ይጨመራልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከአዳማ